ቤተ መጻሕፍቱ መልእክት ልኳል፤ ግን ለማን ነው የተጻፈው?

እስቲ ጅጋ ላይ የምትማር አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አስቡ። የቤተሰቦቿ ቤት ከከተማው ወጣ ያለ የገጠር ቀበሌ ነው። ለትምህርት ስትል ጅጋ ውስጥ ከእህቷ ጋር ቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ ቅዳሜና እሑድ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤተሰቦቿ ትሄዳለች። የራሷ ስልክ የላትም። ከቤተ መጻሕፍት የባዮሎጂ መጽሐፍ ስትዋስ ስልክ ቁጥር ተጠየቀችና የአባቷን ሰጠች። መጽሐፉ የሚመለስበት ቀን ሲቃረብ የአባቷ ስልክ ድምፅ አሰማ። ስክሪኑ ላይ የሚታዩት ግን ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ናቸው፤ መሀላቸው ላይ "23/10/2025" የሚል ቁጥር አለ። አባትየው "ይሄ የሎተሪ ማስታወቂያ መሆን አለበት" ብለው አጠፉት።

ኮምፒውተሩ "ተልኳል" ብሎ መዝግቧል። ስልኩም ተቀብሏል። ልጅቷ ግን ምንም አልሰማችም። ሰኞ ስትመጣ "ለምን አሳለፍሽ? መልእክት ልከንልሽ የለም እንዴ!" ትባላለች።

ልጅቷም ቤተ መጻሕፍቱም ለምሳሌ የተፈጠሩ ናቸው። የሳጥኖቹ፣ የቀኑና የስልኩ ጉዳይ ግን እውነተኛ የቴክኒክ ችግር ነው፤ እያንዳንዱም ምክንያት አለው። ዛሬ የምንተቸው ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙበትን አንድ ሶፍትዌር፣ በተለይም ለአንባቢዎች የጽሑፍ መልእክት የሚልክበትን አሠራር ነው። ጥያቄያችን አጭር ነው፦ ይሄ ነገር ለጅጋ፣ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ተማሪ ይሆናል ወይ?

መጀመሪያ ምስጋናው

ሶፍትዌሩ ኮሃ ይባላል። የተሠራው ኒውዚላንድ ውስጥ ሆሮዌኑዋ በሚባል አካባቢ ለሚገኙ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ሥራ የጀመረውም በጥር 2000 እ.ኤ.አ. ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ሰው በነጻ አውርዶ ይጠቀምበታል፣ እንደሚመቸውም ይለውጠዋል። ከአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አንዳንዶቹም ይጠቀሙበታል። ገንዘብ ለሌለው ቤተ መጻሕፍት ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የማስታወሻ ክፍሉም በደንብ ታስቦበታል። አንባቢው መጽሐፉ ከሚመለስበት ቀን ስንት ቀን ቀደም ብሎ እንዲነገረው እንደሚፈልግ ከ0 እስከ 30 መምረጥ ይችላል። ለጽሑፍ መልእክት የሚሆነው ቁጥር ከመደበኛው ስልክ ቁጥር ተለይቶ ይመዘገባል። የማስታወሻው ጽሑፍ በተለያየ ቋንቋ ሊዘጋጅና ለእያንዳንዱ አንባቢ በመረጠው ቋንቋ ሊላክ ይችላል።

የጽሑፍ መልእክት መመረጡም ትክክል ነው። "ቴሌግራም እያለ ኤስኤምኤስ ምን ያደርጋል?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ኤስኤምኤስ ዳታ አይፈልግም። ስልካችሁ ከማማው ጋር "አለሁ፣ አለህ" በሚባባልበት የምልክት መስመር ላይ ተሳፍሮ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ተራ ስልክ ላይም፣ ሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ብቻ ባለበት ቦታም ይሠራል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተመሠረተ ማስታወሻ እንዲህ ባለ ጊዜ ጭራሽ ዋጋ የለውም። እርግጥ ማማው ራሱ ከጠፋ ኤስኤምኤስም አብሮ ይጠፋል።

ምስጋናው እዚህ ላይ ይብቃ። አሁን ወደ ትችቱ።

አንደኛ፦ የሌላ አገር በር

ኮሃ መልእክቱን ራሱ አይልክም፤ ለሌላ አስረክቦ ነው የሚያስልከው። ለዚህ ከሚሰጣቸው አማራጮች አንዱ ርካሽ ዘዴ ነው፦ መልእክቱ ኢሜይል ሆኖ ወደ ስልክ ኩባንያው ይላካል፣ ኩባንያው ወደ ኤስኤምኤስ ይለውጠዋል። ለዚህ ሲባል ሶፍትዌሩ ውስጥ የስልክ ኩባንያዎች ዝርዝር አለ፤ አንባቢው የራሱን ኩባንያ ይመርጣል። ለምን ይመርጣል? አሜሪካ ውስጥ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው የሞባይል ቁጥሩን ይዞ ወደ ሌላ ኩባንያ መሄድ ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥሩን በማየት ብቻ ኩባንያውን መለየት አይቻልም።

ነገሩ ብልጠት ይመስላል፤ መሠረቱ ግን የኩባንያው ፈቃድ ነው። ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይሄንን የኢሜይል በር ሰኔ 17 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ዘጋው። በነጻ በር ላይ የተሠራ ሥራ በሩ ሲዘጋ ይቆማል፤ ባለቤቱ ይቅርታ እንኳ መጠየቅ የለበትም።

የእኛ አገር ሁኔታ ደግሞ ሌላ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ የነበረን ኩባንያ አንድ፣ ኢትዮ ቴሌኮም፣ ብቻ ነበር። በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ሳፋሪኮም በይፋ ሥራ ጀመረና ከ09 ጎን 07 መጣ። ለቤተ መጻሕፍት ይሄ ምን ማለት ነው? አጭር ቁጥር ለመጠቀም ከሁለቱም ጋር መስማማት ያስፈልጋል ማለት ነው። አጭር ቁጥር እንደ ተራ ስልክ ቁጥር ከየትም አይደወልበትም፤ እያንዳንዱ ኩባንያ በራሱ ኔትወርክ ላይ ሲከፍተው ነው የሚሠራው። ከአንዱ ጋር ብቻ ተዋውላችሁ ከሆነ የሌላው ደንበኛ መልስ ቢልክ አይደርሳችሁም።

ለትንሽ ቤተ መጻሕፍት ሌላ መንገድ አለ፦ አንድ ሲም ካርድ፣ አንድ ሞደም ወይም አሮጌ ስልክ፣ እና እንደ ጋሙ ያለ ነጻ ሶፍትዌር። መልእክቱ ልክ ሰው ለሰው እንደሚላከው ከ09ም ወደ 07ም ይሄዳል፤ መልስም ወደዚያው ቁጥር ይመጣል። በቀን ጥቂት አሥር መልእክት ለሚልክ ቤተ መጻሕፍት ይሄ ይበቃል፤ ዩኒቨርሲቲን ያህል ለሆነ ግን አይበቃም፤ ሲም ካርዱ የተሠራው ለአንድ ሰው ወሬ ነውና። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አትርሱ፦ ቁጥሮች ሲመዘገቡ አንዱ በ09፣ አንዱ በ251፣ አንዱ መሀሉ ላይ ክፍት ቦታ እየተወ ከጻፈ ማሽኑ ይሳሳታል። ሁሉንም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መመዝገብ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ይበልጣል።

ሁለተኛ፦ 160 የነበረው ለምን 70 ሆነ?

በ1985 እ.ኤ.አ. ፍሪድሄልም ሂለብራንድ የሚባል ጀርመናዊ ባለሙያ ታይፕራይተሩ ላይ የመጣለትን ዓረፍተ ነገር እየጻፈ ፊደሉን ቆጠረ። አብዛኞቹ ከ160 ምልክት በታች ሆኑለትና "160 በቂ ነው" አለ። የቆጠረው በላቲን ፊደል ነው፤ ሀ ሁ ታይፕራይተሩ ላይ አልነበረም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 140 ባይት፣ ማለትም 1120 ቢት ነው። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ይጻፋል፤ 1120 ለ7 ሲካፈል 160 ይመጣል። የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ኮድ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው፤ በኤስኤምኤስ ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል 16 ቢት ይወስዳል። 1120 ለ16 ሲካፈል 70። አንድ የአማርኛ ፊደል ብቻ በላቲን መልእክት መሀል ብትገባ እንኳ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70ው ሕግ ይዞራል። ከ70 ካለፈ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል፤ ቁርጥራጮቹን የሚያጋጥም መረጃ ስለሚጨመር እያንዳንዱ ክፍል 67 ብቻ ይይዛል፤ ክፍያውም የሁለት ነው።

አሁን ይሄንን ትሑት ማስታወሻ ተመልከቱ፦

"ውድ አንባቢያችን፣ የተዋሱት መጽሐፍ የመመለሻ ቀን ነገ መሆኑን በትሕትና እናሳስባለን። እባክዎ በወቅቱ ይመልሱ። እናመሰግናለን።"

ቁጠሩት። ክፍት ቦታውንና ነጥቡን ጨምሮ 80 ነው። የመጨረሻዋን "እናመሰግናለን" ብታወጧት ልክ 70 ይሆናል። አንዲት የምስጋና ቃል ዋጋውን እጥፍ አደረገችው! ይሄ ሁሉ ተብሎ ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱ ስም እንኳ አልተጠቀሰም።

"እንግዲያው አማርኛውን በላቲን ፊደል እንጻፈው" የሚል ሐሳብ ይመጣል። ወጣቶች በቻት እንደዚያ እንጽፋለን። እስቲ መዝኑት። "ቤተ መጻሕፍት" በግዕዝ ፊደል ከነክፍት ቦታው 8 ምልክት ነው፤ በላቲን 14 ይሆናል። በቢት ስናሰላው 128 ከ98 ጋር ነው። ስለዚህ ፊደላችን "ከእጥፍ በላይ ያስከፍላል" የሚባለው የተጋነነ ነው፤ አንዷ ፊደል ተነባቢና አናባቢ በአንድ ላይ ስለምትይዝ ብዙውን ታካክሳለች። በላቲን ስንጽፍ ደግሞ የምናጣው አለ፦ "መጣ" እና "መታ" በቻት አጻጻፍ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ጓደኛችሁ ከሆነ ከወሬው ትረዱታላችሁ። ለአባትየው ግን ያ ጽሑፍ ከሳጥኖቹ አይሻልም።

ሳጥኖቹ ራሳቸው ከየት መጡ? መልእክቱ በትክክል ደርሷል፤ ስልኩ ውስጥ ግን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ አልተጫነም። ይሄንን ቤተ መጻሕፍቱ ሊጠግነው አይችልም፤ ሊጠይቅ ግን ይችላል። ሲመዘግብ እዚያው አንድ የሙከራ መልእክት ልኮ "ይነበባል?" ማለት ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሦስተኛ፦ "ነገ" መቼ ነው?

ከላይ ባለው ማስታወሻ ውስጥ ሌላም ስህተት አለ፤ አይታችሁታል? "ነገ" የምትለዋ ቃል ናት።

ኤስኤምኤስ ስልካችሁ ተዘግቶ ሲያገኝ አይጠፋም። የኩባንያው ማዕከል ያስቀምጠውና ስልኩ ሲከፈት ይልከዋል፤ የተወሰነለት ጊዜ ካለፈ ነው የሚሰረዘው። መብራት ጠፍቶ ስልኩ ሁለት ቀን ሳይሞላ ቢቆይ፣ ማክሰኞ የተላከው "ነገ" ሐሙስ ይደርሳል። ያኔ "ነገ" ማለት ዓርብ ይሆናል። መልእክቱ በመንገድ ላይ ሳለ ውሸታም ሆነ ማለት ነው! ስለዚህ ማስታወሻ ቀኑን በስሙ መጥራት አለበት።

በየትኛው አቆጣጠር? ኮሃ ቀን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። 23/10/2025ን ተራ አንባቢ በእኛ አቆጣጠር ካነበበው ሰኔ 23 ይሆናል፤ ዓመቱንም እንዳለ ከወሰደው መጽሐፉን ለመመለስ ከሰባት ዓመት በላይ ጊዜ አለው! ትክክለኛው ቀን ሐሙስ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ሰዓቱም ያው ነው፤ "እስከ 4፡00" የሚል መልእክት ፕሮግራሙ ከሰዓት በኋላ ማለቱ ቢሆንም እዚህ የሚነበበው ጠዋት አራት ሰዓት ተብሎ ነው። ስድስት ሰዓት ልዩነት። ቀኑን ቀይሮ የሚጽፍ ትንሽ ፕሮግራም መሥራት ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ኮዱ ክፍት ነው ብለናል፤ ይኸው ሥራ ለሚፈልግ።

አራተኛ፦ ስልኩ የማን ነው?

ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። ሶፍትዌሩ አንድ ሰው አንድ ስልክ አለው ብሎ ያስባል። በገጠር ግን ስልክ የቤት ነው፤ የአባት ይሆናል፣ የታላቅ ወንድም ይሆናል፣ አንዳንዴም የአከራይ። የማስታወሻው ናሙና ደግሞ የመጽሐፉን ርዕስ እንዲጽፍ ሊዘጋጅ ይችላል። ልጅቷ የተዋሰችው ስለ ወሊድ መከላከያ፣ ስለ ኤችአይቪ ወይም ስለ አእምሮ ጤና ቢሆንስ? ርዕሱ አባቷ ስልክ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚከተል አስቡት። ከዚያ በኋላ ያንን ዓይነት መጽሐፍ ዳግም አትዋስም። ቤተ መጻሕፍቱ አንድ መጽሐፍ አስመልሶ አንዲት አንባቢ አጣ።

ሳይንሱ እዚህ ላይ የሚያስተምረን አለ። ኬንያ ውስጥ ሪቻርድ ሌስተርና ባልደረቦቹ የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመሩ 538 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው አጠኑ፤ ውጤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ ወጣ። ለአንደኛው ቡድን በየሳምንቱ አንድ መልእክት ይላካል፦ "ማምቦ?"፤ በስዋሂሊ "እንዴት ነህ?" እንደማለት ነው። መልሱ "ሳዋ" ከሆነ ደህና ነኝ፣ "ሺዳ" ከሆነ ችግር አለ። መድኃኒታቸውን በአግባቡ እንደወሰዱ የተናገሩት መልእክት ከደረሳቸው 62 በመቶ፣ ካልደረሳቸው 50 በመቶ ሆኑ። መልእክቱ ውስጥ "መድኃኒት" የሚል ቃል የለም፤ "ኤችአይቪ" የሚልም የለም። ሌላ ሰው ቢያነበው ሰላምታ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ ሠራ።

አምስተኛ፦ የሚናገር እንጂ የማይሰማ

"ማምቦ?" የሠራበትን ምክንያት ስናስብ ሌላም ነገር እናያለን፦ መልስ ይጠብቃል። "ችግር አለ" ላለ ሰው ደግሞ ባለሙያ ይደውልለታል። የኮሃ ማስታወሻ ግን የአንድ መንገድ ነው። "መንገድ ላይ ነኝ፣ ሰኞ አመጣዋለሁ" ለማለት መንገድ የለም።

ብዛቱም ያስቸግራል። ኬንያ ውስጥ የተደረገ ሌላ ጥናት፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ሳምንታዊ መልእክት እንደጠቀመ፣ በየቀኑ የተላከው ግን ያን ያህል ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል። ይሄ አይገርምም። እኛም ከአጭር ቁጥር የሚመጣ መልእክት ሲበዛብን ሳናነብ እናጠፋለን። "ሊደርስ ነው"፣ "ዛሬ ነው"፣ "አለፈ"፣ "በጣም አለፈ" እያለ የሚጨቀጭቅ ቤተ መጻሕፍት ራሱን ከሎተሪው ጋር ያሰልፋል።

የሚገርመው መፍትሔው እዚያው ኮሃ ውስጥ መኖሩ ነው። ሌላ የሚጠብቀው ሰው ከሌለ የውሰቱን ጊዜ በራሱ የሚያራዝም አሠራር አለው። ይሄ ከተከፈተ አብዛኛው ማስታወሻ ጭራሽ አያስፈልግም፤ መልእክት የሚላከው ሌላ ተማሪ ወረፋ ሲይዝ ብቻ ነው። ያኔ የሚባለውም እውነተኛ ምክንያት ይሆናል፦

"ሌላ ተማሪ እየጠበቀ ነው። እስከ ሐሙስ ጥቅምት 13 ይመለስ። ጅጋ ቤተ መጻሕፍት"

ከ70 በታች ነው። የመጽሐፉ ርዕስ የለበትም። "ነገ" አይልም። ማስፈራሪያ የለውም፤ ቅጣት ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል። በነገራችን ላይ የቺካጎ ከተማ ቤተ መጻሕፍት በ2019 እ.ኤ.አ. የዘገየ መጽሐፍ ቅጣትን ጭራሽ አስቀርቷል፤ ምክንያቱም ቅጣት ድሃውን አንባቢ ከቤተ መጻሕፍት ያርቃል።

ታዲያ ፍርዱ ምንድን ነው?

ኮሃ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ማስታወሻው ግን እንደመጣ ቢተከል ለጅጋ አይሆንም። ሊሆን ግን ይችላል። የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ጥያቄ ነው፦ ስልኩ የማን ነው? ፊደሉ ይነበባል? ቀኑ የእኛ ነው? መልስ ይቀበላል? እስከዚያው ድረስ መጽሐፉ ጀርባ ላይ የምትለጠፈውን የቀን ወረቀት አትናቋት። ቻርጅ አትፈልግም፣ ኔትወርክ አትፈልግም፣ አባት ጋ አትደርስም።

ደግሞ እኔን አትመኑኝ፤ ሞክሩት። ትምህርት ቤታችሁ ይሄን አገልግሎት ከጀመረ የተዋሾቹን ስም ጻፉና ለእያንዳንዱ ሳንቲም ወርውሩ። አንበሳ የወጣላቸው መልእክት ይላክላቸው፤ ለቀሩት በቀን ወረቀቷ ብቻ ይቀጥል። ሳንቲሙ ለምን? ጓደኞቻችሁን ወይም ጎበዞቹን መርጣችሁ ከላካችሁ፣ ልዩነቱ የመልእክቱ ይሁን የሰዎቹ አታውቁም። ከአንድ ወሰነ ትምህርት በኋላ በሰዓቱ የመለሱትን ከሁለቱም ወገን ቁጠሩ። ልዩነት ከሌለ ገንዘቡን መጽሐፍ ግዙበት።

"ኮሃ" በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው፤ ግን ዝም ብሎ ስጦታ ሳይሆን ተቀባዩም በተራው የሚመልስበት ስጦታ። ስሙ ለቤተ መጻሕፍት ልክ ነው። ኒውዚላንድ ኮዱን ሰጥታናለች፤ የቀን መቁጠሪያውን፣ የፊደሉንና የስልኩን ጉዳይ አስተካክሎ መመለስ የእኛ ተራ ነው።